መሣሪያው ሲለወጥ ዓይን ይሠለጥናልን?

ፎቶግራፍ በሚወዱ ሰዎች መካከል አንድ የቆየ ክርክር አለ፤ ከተነሣም ቶሎ አይበርድም። በዕድሜ የገፉት፥ «በፊልም ያልተማረ ሰው ፎቶግራፍ አንሺ አይባልም፤ ዲጂታል የሚሉት ነገር ሰነፍ አደረጋችሁ» ይላሉ። ወጣቶቹም፥ «እናንተ በዓመት የተማራችሁትን እኛ በወር እንማረዋለን» ብለው ይመልሳሉ። እናንተም፥ አንባቢዎቼ፥ ወይ በትምህርት ቤት ጓደኞቻችሁ መካከል፥ ወይ በመሥሪያ ቤታችሁ በሻይ ሰዓት ጨዋታ ላይ ይህን ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ነገሩ ከጨዋታ አልፎ ኪስ የሚነካ ስለ ሆነ ጥቂት ብንመለከተው ይበጃል። ከደመወዙ እየቀነሰ ዕቁብ የሚጥል ወጣት፥ ዕጣው ሲወጣለት የሚገዛው ካሜራ በእርግጥ ሙያውን የሚያሻሽልለት እንደ ሆነና እንዳልሆነ አስቀድሞ ማወቁ አይከፋም።

በመጀመሪያ የፊልሙን ዘመን እናስታውስ። አንድ ባለ 35 ሚሊሜትር ጥቅል ፊልም 36 ሥዕል ይይዛል፤ 120 የሚባለው ሰፊው ፊልም ደግሞ 6 በ6 ሳንቲሜትር በሚያነሣ ካሜራ 12 ብቻ ነው። ብርሃን በፊልሙ ላይ ያለውን የብር ጨው ሲነካው ሥዕሉ በዚያው ቅጽበት ይቀረጻል፤ ነገር ግን በመድኃኒት እስኪታጠብ ድረስ ዓይን አያየውም። እንግዲህ ፎቶግራፍ አንሺው ጥቅሉን ይጨርሳል፥ ያጥባል ወይም ያሳጥባል፥ ያሳትማል፤ ከዚያም ያነሣውን ገና ያያል። በዚህ መካከል ቀናት፥ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታት ያልፋሉ። የሌንሱን ቀዳዳ ምን ያህል ከፍቶ፥ መዝጊያውን በምን ፍጥነት አድርጎ እንዳነሣ በደብተር የጻፈ ጠንቃቃ ሰው ካልሆነ በቀር ማን ያስታውሳል? ሌላው፥ «ይኸ ለምን ጨለመ?» ብሎ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ስለዚህ ፊልም ሰውን ጥንቃቄ ያስተምራል ሲሉ እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን ጥንቃቄን እያስተማረ የስሕተትን ምክንያት ይደብቅ እንደ ነበረ አብሮ መነገር አለበት።

ዲጂታሉ የተወለደው ፊልም በመሸጥ በከበረው በኮዳክ ኩባንያ ቤት መሆኑ የሚያስገርም ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) በ1975 ስቲቭ ሳሶን የሚባል የኩባንያው ኢንጂነር የሠራው የመጀመሪያው ካሜራ ክብደቱ 3.6 ኪሎ ያህል ነበር፤ ሥዕሉ 10,000 ነጥብ ብቻ ሲሆን፥ ያንኑ በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። ኩባንያው ፈጠራውን በእጁ ይዞ ፊልሙን መሸጥ ቀጠለ፤ በ2012 በጥር ወር ዕዳውን መክፈል አቅቶት የኪሳራ ሕግ ጥበቃ እስከ መጠየቅ ደረሰ። ይህ ግን የነጋዴ ጉዳይ ነው፤ ወደ ተማሪው እንመለስ።

አዲሱ መሣሪያ ለተማሪው የሰጠው ዋናው ነገር በስሕተትና ስሕተትን በማየት መካከል የነበረውን ጊዜ ማሳጠሩ ነው። የሚሮጥ ልጅ በሴኮንድ አንድ ሠላሳኛ ሲነሣ እንደ ጭስ ይደበዝዛል፤ በአንድ አምስት መቶኛ ሲነሣ ግን እግሩ አየር ላይ እንዳለ ይቀራል። ይህን በፊልም ለመረዳት አንድ ጥቅልና አንድ ሳምንት ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬ በሠፈራችሁ ሜዳ ላይ በአምስት ደቂቃ ታዩታላችሁ። ደግሞም ካሜራው ራሱ የእያንዳንዱን ሥዕል የቀዳዳ መጠን፥ የመዝጊያ ፍጥነትና ሰዓት ከሥዕሉ ጋር መዝግቦ ያስቀምጣል። ያ ሁሉ ሰው ሊይዘው የሰነፈው ደብተር ያለ ድካም ተጽፎ ይገኛል ማለት ነው። የማዝነው ደብተሩን ገልጦ የሚያነብ ሰው ጥቂት በመሆኑ ነው። ሥዕሉን አይቶ «አማረ» ወይም «አላማረም» ብሎ የሚያልፍ ወጣት 10,000 ጊዜ ቢያነሣ ያንኑ አንድ ስሕተት 10,000 ጊዜ ደገመ እንጂ ሌላ ምን አደረገ?

«እንግዲያውስ ሽማግሌዎቹ እውነት አላቸው፤ ብዛት የመጣው በዲጂታል ነው» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። በኒው ዮርክ ጎዳናዎች ሲያነሣ የኖረው ጋሪ ዊኖግራንድ በ1984 ሲሞት ያነሣቸው ግን ያልታጠቡ 2,500 ያህል ጥቅል ፊልሞች ተገኙ። ይህ በ36 ቢባዛ ወደ 90,000 የሚጠጋ ሥዕል ሲሆን፥ ባለቤቱ አንዱንም አላየውም። ይህም ሁሉ የሆነው በፊልም፥ ያውም ገንዘብ በሚከፈልበት ፊልም ነው። ከዚሁ ሰው ግን አንድ ቁም ነገር ይገኛል። ፊልሙን ወዲያው የማያጥበው ሆን ብሎ ነበር። ሥዕሉን ባነሣበት ቀን የነበረው ስሜት ከረሳው በኋላ፥ እንደ ሌላ ሰው ሥራ አድርጎ ሊፈርድበት ይፈልግ ነበር። ዛሬ እንደ ተነሣ ወዲያው ጀርባውን የምናየው ሥዕል ከሙሽራው ሳቅና ከዘፈኑ ጋር ተቀላቅሎ ያምረናል፤ ለማያውቀው ሰው ግን ሳቁም ዘፈኑም በወረቀቱ ላይ የለም።

አሁን ሁለቱ መሣሪያዎች ወደሚለያዩበት ወደ ብርሃን ልውሰዳችሁ። ዕድሜ ልኩን በፊልም የሠራ ሰው ዲጂታል ሲይዝ የሚቸገረው በዚህ ነው፤ ችግሩንም የነጠላን ያህል የሚያሳይ የለም። አንዲት እናት ነጭ ነጠላ ለብሳ በእኩለ ቀን ፀሐይ ቆማለች እንበል። የካሜራው ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ እንደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚቆጥረው፥ ነጩ ሲበዛበት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል። ነጠላው አመድ ይመስላል፤ ፊታቸውም ይጠቁራል። በፊልም የሠለጠነው ሰው ይህን ስለሚያውቅ መለኪያውን ሳይሰማ አንድ ሁለት ደረጃ ብርሃን ይጨምራል። ፊታቸው ይወጣል፤ ኔጋቲቩም የነጩን ዝርዝር በጥቁሩ ውስጥ አምቆ ስለሚይዝ፥ ሲታተም በነጠላው በኩል ብርሃን ጨምሮ ጥለቱን ያወጣዋል። ይኸው ሰው ያንኑ ልማዱን ይዞ በዲጂታል ቢያነሣ ግን ነጠላው ባዶ ወረቀት ይሆናል። የዲጂታሉ ብርሃን ተቀባይ እንደ ብርጭቆ ነው፤ ከሞላ በኋላ የፈሰሰውን የሚመልሰው የለም። በጨለማው በኩል ግን ፊልም የማይሰጠውን ይሰጣል፤ የጠቆረውን በኋላ ማንሣት ይቻላል። ስለዚህ ነጩን ጠብቆ ማንሣት፥ ጥቁሩን በኋላ ማብራት ነው። እንግዲህ የጥንቱ ዕውቀት በአዲሱ መሣሪያ ላይ ተገልብጦ ይሠራል፤ የተማሩትን መርሳት ደግሞ ከመማር ይከብዳል።

ይሁን እንጂ እኒያን እናት ሁለት እርምጃ ወስዶ በረንዳው ጥላ ውስጥ ማቆምን የሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። በጥላው ውስጥ በፊትና በነጠላ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ይጠባል፤ ፊልሙም ዲጂታሉም ይችለዋል። ፀሐይ በአናት ላይ ስትሆን ዓይን ጉድጓድ እንደሚመስል፥ ጧት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ግን ብርሃኑ ከጎን እየመጣ ፊትን እንደሚቀርጽ ማወቅም እንዲሁ ነው። ይህን ዕውቀት ማንም ፋብሪካ በሣጥን አሽጎ አይሸጠውም።

ከሁሉ ይልቅ ክርክሩን የሚያበርድልኝ የብራዚሉ ተወላጅ የሰባስቲያዎ ሳልጋዶ ታሪክ ነው። ሳልጋዶ ትምህርቱ ኢኮኖሚክስ ነበር፤ ለንደን በሚገኘው ዓለም አቀፍ የቡና ድርጅት ውስጥ ተቀምጦ ወረቀት ሲያገላብጥ የነበረ ሠራተኛ ነው። (በቢሮ ለተቀመጣችሁት ይህን ሆን ብዬ እነግራችኋለሁ።) የባለቤቱን ካሜራ ተውሶ ፎቶግራፍ ጀመረ፤ በ1973ም ሥራውን ትቶ ሙያዬ ብሎ ያዘው። በ1984 በኮረም መጠለያ በረኀብ ዘመን ያነሣቸውን ሥዕሎች ዓለም ያውቃቸዋል። ከ1984 ወዲህም ከሃያ ዓመት በላይ በፊልም ሠራ። «ጀነሲስ» የተባለውን ትልቅ ሥራውን በ2004 ሲጀምር በፊልም ነበር፤ ለዚሁ ሥራ ወደ አገራችን ተመልሶ ከላሊበላ እስከ ሰሜን ተራሮች በእግሩ ተጉዟል። በ2008 ግን ወደ ዲጂታል ተሻገረ። ምክንያቱ አዲስ ነገር መውደድ አልነበረም። የአውሮፕላን ጣቢያ የፍተሻ ጨረር እየደጋገመ ሲያልፍበት ፊልሙ ይጎዳበት ስለ ነበር ነው።

ሲሻገር ምን አደረገ? በኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ ሥዕል መምረጥ አልሆነለትም፤ ረዳቶቹ እንደ ድሮው ሥዕሎቹን በጥቃቅኑ በወረቀት እያተሙለት በማጉያ መነጽር ይመርጥ ነበር። የዲጂታሉም ሥዕል እንደ ጥንቱ ፊልም ፍሬ ፍሬ ያለበት ሆኖ እንዲታይ አስደረገ። «ጀነሲስ»ን በመጽሐፍ ገልጣችሁ ስታዩ የትኛው በፊልም፥ የትኛው በዲጂታል እንደ ተነሣ ለመለየት ብትሞክሩ ትቸገራላችሁ። መሣሪያው ተለወጠ፤ ፍርዱን የሚሰጥበት መንገድ ግን ያው ቀረ። በ2025 በግንቦት ወር እስኪሞት ድረስም አልተመለሰም።

እንግዲህ ለጥያቄው በበኩሌ የምሰጠው መልስ፥ መሻገሩ በራሱ የሚያሻሽለው የጀማሪውን ሰው የመጀመሪያ ዓመት ነው የሚል ነው፤ የቀዳዳና የመዝጊያ ትምህርት በርግጥ ይፈጥናል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የብርሃን፥ የቦታና የትዕግሥት ትምህርት ስለ ሆነ፥ በየትኛውም መሣሪያ ፍጥነቱ ያው ነው። ፊልም ካልገዛሁ አልማርም ብሎ በዛሬ ዋጋ መጨነቅም የሚያስፈልግ አይመስለኝም። በኪሳችሁ ባለው ስልክም ቢሆን በአንድ እሑድ 36 ጊዜ ብቻ እንድታነሡ ራሳችሁን ወስኑ። ከማንሣታችሁ በፊት፥ «ይህ እንዲህ ሆኖ ይወጣል» ብላችሁ በቃልም በወረቀትም ያዙ። እስከ ማግሥቱ ማታ አትዩት። ስታዩትም ያሰባችሁትንና የወጣውን አስተያዩ፤ ከ36ቱ ሦስቱን ብቻ አስቀርታችሁ ሌላው ለምን እንደ ወደቀ በአንድ በአንድ መስመር ጻፉ። ይህን ሁለት ወር ያደረገ ሰው ዕቁቡ ሲወጣለት ምን እንደ ጎደለው ያውቀዋል። ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው አዲስ ካሜራ ሳይሆን አንድ ጥሩ ሌንስ፥ ወይም ካሜራውን የሚያቆም ባለ ሦስት እግር ማስደገፊያ ሆኖ ይገኛል።

ከዚህ የተረፈ ገንዘብ ያለው ደግሞ የሥዕሎቹን ሁለተኛ ቅጂ የሚያኖርበት ዕቃ ይግዛ፤ ቅጂውንም በሌላ ቤት ያስቀምጠው። የአያቶቻችሁ የሠርግ ኔጋቲቭ በጫማ ካርቶን ውስጥ ተረስቶ 40 ዓመት ኖሮ ዛሬም ይታተማል። የጠፋ ስልክ ግን የልጅን የክርስትና ቀን ይዞ ይሄዳል።