ዋግ በአንድ ዘረ-መል አይመከትም

ከጣራ ገዳም እስከ ጉና ባለው ደጋ ለስንዴ የሚስማማው ቅዝቃዜና እርጥበት ለቢጫ ዋግም ይስማማል። በመሆኑም የተዘራው ዝርያ በሽታን የመቋቋም አቅም የአርሶ አደሩን የዓመት ጉርስ ይወስናል።

ተመራማሪዎች የስንዴ ዘመድ ከሆነው ራይ ከተባለው ሰብል ዋግን የሚቋቋሙ ዘረ-መሎችን ወደ ስንዴ አሸጋግረዋል። ከራይ የመጣውን ዘረ-መል የያዘው «ዳሸን» ዝርያ ግን እ.ኤ.አ በ1988 በአገራችን በቢጫ ዋግ ተጠቃ። ከራይ የተገኘውን የግንድ ዋግ መከላከያም ቆይቶ በኡጋንዳ የተገኘው «ዩጂ 99» ሰበረው።

ስለዚህ በአንድ ዘረ-መል መመካት አያዋጣም። የየዘረ-መሉ መገኛ በካርታ ሲታወቅ በርካታ መከላከያዎችን በአንድ ዝርያ ማጣመር ይቀላል፤ ይህም የምርምር ማዕከላት የቤት ሥራ ነው። ዘር አቅራቢዎች ወረዳን በሙሉ በአንድ ዝርያ ከመሸፈን ይቆጠቡ። አርሶ አደሩም ማሳውን በየጊዜው ይፈትሽ፤ በቅጠሉ ላይ ቢጫ ዱቄት ካየ ሳይውል ሳያድር ለግብርና ባለሙያ ያሳውቅ።