9.77 ብላ የጻፈችው ልጅ

ዛሬ ስለ ከዋክብት ላወራችሁ ነው፤ የምጀምረው ግን እዚሁ አምቦ፣ ከአንድ ሲባጎና ከአንድ ጓጉንቸር ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የዛሬ አምስት ዓመት ገደማ ለ11ኛ ክፍል የፔንዱለም ላብ ሰጠሁ። ዕቃ ስለሌለን "ጓጉንቸር በ1 ሜትር ሲባጎ አንጠልጥሉ፣ ውዝዋዜውን ቁጠሩ፣ ሰዓቱን በስልክ ያዙ፣ ከዚያ የመሬት ስበትን አስሉ" አልኳቸው። ሪፖርቱ ሲመጣ ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል 9.81 ብሎ ጽፏል። ግማሾቹ ሲባጎውን ጭራሽ እንዳላንጠለጠሉት አውቃለሁ። አንዲት ልጅ ብቻ 9.77 ብላ መጣች። 100 ውዝዋዜ ቆጥራለች፣ ሦስት ጊዜም ደግማዋለች።

እኔ ምን አደረግኩ? በቀይ እስክሪብቶ 9.81 ብዬ አርሜ ከ10 6 ሰጠኋት። "ቲቸር፣ እኔ ግን ያገኘሁት እኮ ይሄንን ነው" አለችኝ። "ታዲያ መጽሐፉ ዋሽቶ ነው?" አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። በሚቀጥለው ላብ የመጽሐፉን ቁጥር እንዳለ ገልብጣ አመጣች። 10 ከ10 ሰጠኋት።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ስለ ፑልሳር ያነበብኩት ነገር ነው። ፑልሳር ማለት ትልቅ ኮከብ ሲፈነዳ የሚቀረው እምብርቱ ነው። ክብደቱ ከፀሐይ ይበልጣል፤ ስፋቱ ግን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአምቦ ጉደር ደርሶ መልስ ቢባል ነው። እየተሽከረከረ እንደ ባትሪ መብራት የሬዲዮ ጨረር ይረጫል፤ ጨረሩ ወደ እኛ በዞረ ቁጥር አንድ ምት እንሰማለን። ከሰዓት በላይ የሚታመን ምት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 ረስል ሃልስ የሚባል ተማሪ ፖርቶ ሪኮ በሚገኘው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ አዲስ ፑልሳር ይፈልግ ነበር። አስተማሪው ጆሴፍ ቴይለር ነው። በሴኮንድ 17 ጊዜ የሚመታ አንድ ፑልሳር አገኘ። ምቱን ደግሞ ሲለካው ግን ቁጥሩ ከመጀመሪያው አልገጠመም። እንደገና ለካ፣ አሁንም አልገጠመም። ስህተቱ የኮምፒውተር ፕሮግራሙ መስሎት ሌላ ፕሮግራም ጻፈ። ቁጥሩ አሁንም እምቢ አለ።

እዚህ ጋ ነው ቆም ያልኩት። ያ ልጅ የእኔ ተማሪ ቢሆን ኖሮ "ፑልሳር ምቱን አይቀይርም፣ መጽሐፉን እይ" ብዬ ከ10 6 እሰጠው ነበር።

ሃልስ ግን የማይገጥመውን ቁጥር ዝም ብሎ መመዝገቡን ቀጠለ። ከዚያ መልኩን አየ፦ የምቱ አካሄድ ራሱን ይደግማል፣ በየቀኑ ግን 45 ደቂቃ ቀድሞ ይመጣል። ለምን? ፑልሳሩ ብቻውን አልነበረም፤ ከሌላ ኮከብ ጋር በ7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አንዴ ይዞራል። ሦስቴ ሲዞር 23 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይሆናል፣ ቀን ለመሙላት 45 ደቂቃ ይቀረዋል ማለት ነው። ወደ እኛ ሲመጣ ምቱ ይጠጋጋል፣ ሲርቅ ይራራቃል። የአይሱዙ ጥሩምባ ሲቀርብ ቀጥኖ ሲያልፍ እንደሚወፍረው በሉት።

ነገሩ እዚያ አላበቃም። ቴይለርና ባልደረቦቹ ለዓመታት ሲለኩት ዙሩ በዓመት በሴኮንድ ሚሊዮንኛ 76 ያህል እያጠረ ተገኘ። የአንስታይን ቲዎሪ "ሁለቱ ኮከቦች የስበት ሞገድ እያወጡ ኃይል ያጣሉ፣ እየተቀራረቡ ይሄዳሉ" ሲል ከሚሰጠው ስሌት ጋር ገጠመ። በ1993 ሃልስና ቴይለር የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ቴሌስኮፑ በ2020 ፈርሷል፤ የመዘገቡት ቁጥር ግን ዛሬም ይሠራበታል።

እንዲህ ያለ ጥቃቅን ለውጥ እንዴት ይለካል? ብዙ በመቁጠር። አንድ ምት ብቻ ብትለካ ስህተትህ ይውጥሃል፤ እጅግ ብዙ ምት ቆጥረህ ስታካፍል ይጠራል። ልጅቷ 100 ውዝዋዜ ስትቆጥር ያደረገችው ይሄንኑ ነው።

አሁን ወደ እሷ ልመለስ። የመጽሐፉ ቁጥር የሚስማማው በ45 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ፣ በባሕር ወለል ላይ ነው። አምቦ ደግሞ 9 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት። ለምድር ወገብ ስትቀርብም፣ ከፍ ስትልም ስበት ይቀንሳል። አስልቼ አየሁት፤ ለአምቦ 9.78 አካባቢ ይመጣል። እርግጥ ሲባጎው በ4 ሚሊ ሜትር ከተሳሳተ ልዩነቱ ይጠፋል፣ ዕድልም ሊሆን ይችላል። ግን ከክፍሉ ሁሉ ለእውነቱ የቀረበችው እሷ ነበረች፤ የቀጣኋትም እሷን ብቻ ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ "ማትሪክ ላይ የሚመጣው የመጽሐፉ ነው" ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ለፈተና እሱን ይጻፉ። በ2015 ዓ.ም 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት ያለፉት 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አልረሳሁም። ግን ኩረጃ የሚጀምረው የፈተና አዳራሽ ውስጥ ይመስላችኋል? እኔ እንደሚመስለኝ የሚጀምረው ለካሁ ያለው ተቀጥቶ የገለበጠው ሲሸለም ነው። እኔ ራሴ አስተምሬያቸዋለሁ።

ሌላው የምሰማው "መሣሪያ የለንም" የሚለው ነው። እውነት ነው፤ እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ብርሃን እንጂ ሬዲዮ አያዩም። ጋናዎች ግን በ2017 አንድ ያረጀ የስልክ ሳተላይት ሳህን ወደ ሬዲዮ ቴሌስኮፕነት ቀይረዋል። አንድ ቀን ለእኛም ይመጣ ይሆናል። ሲመጣ ፊቱ የሚቀመጠው ልጅ ያልጠበቀውን ቁጥር ሲያይ ይጽፈዋል ወይስ ያርመዋል? ይሄ የሚወሰነው ዛሬ በእኛ ቀይ እስክሪብቶ ነው።

ስለዚህ ከዘንድሮ ጀምሮ የላብ ማርክ የምሰጠው ለአለካኩ ነው። የጉደር፣ የጊንጪ፣ የጌዶ፣ የባኮ የፊዚክስ መምህራን፣ እስቲ አብረን እንሞክረው፤ 1 ሜትር ሲባጎ፣ 100 ውዝዋዜ፣ ያገኛችሁትን ሳታርሙ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

አንቺም ይህን ካነበብሽ፣ ስምሽን አልጠራም፣ ራስሽን ታውቂያለሽ። የዚያን ቀን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።