በአንድ ምዕራፍ ሁለት ትእዛዝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የተዋሕዶ ልጆች፣ ከሶዶ እስከ ሃላሌ እርያ አለመብላታችንን እያዩ «ገና ከኦሪት ቀንበር አልወጣችሁም» የሚሉን አልጠፉም። ክሱ የቆየ ነው። ዐፄ ገላውዴዎስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ፣ እርያን የምንተወው የኦሪት ሕግ አስገድዶን እንዳልሆነ፣ የሚበላውን እንደማንጸየፍ፣ የማይበላውንም ብላ እንደማንል ለኢየሱሳውያኑ መልሰዋል።

ይልቅስ ከሳሾቻችን ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14ን ይግለጡ። እስከ ቁጥር 21 የሚበላውንና የማይበላውን ይለያል፤ ከቁጥር 22 ጀምሮ ዐሥራትን ያዝዛል። የላይኛው ተሽሮ የታችኛው በየሳምንቱ ከመድረክ የሚሰበከው በማን ሥልጣን ነው? «ዐሥራት ከሙሴ በፊት ነው፤ አብርሃም ለመልከ ጼዴቅ ሰጥቷል» ቢሉ፣ ንጹሕና ንጹሕ ያልሆነ እንስሳም በኖኅ ዘመን ተለይቷል።

እኛስ? የላይኛውን ጠብቀን የታችኛውን የዘለልን ብዙዎች ነን። ለጊፋታና ለመስቀል በሬ ዓመቱን ሙሉ እናጠራቅማለን (ማጠራቀም እንደምንችል በዚህ ይታወቃል)፤ ዐሥራት ሲባል ግን እጃችን ያጥራል። ያው ምዕራፍ በየሦስተኛው ዓመት ዐሥራቱ በደጅ ላለው ሌዋዊ፣ ለመጻተኛው፣ ለድሀ አደጉና ለመበለቲቱ እንዲሆን ያዝዛል፤ በልተው እንዲጠግቡ። ጌታችንም ፈሪሳውያንን የገሠጸው ከከሙን ዐሥራት ስላወጡ አይደለም፤ ፍርድንና ምሕረትን ስለተዉ ነው።

እንግዲህ እርያ አልበላም ያልህ ወንድሜ፣ በአጥቢያህ ስንት መበለት ጾሟን የምትፈታበት አጥታ ታድራለች?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።