ፌሮ ስታስገዙ ስለ ውስጡም ጠይቁ

በሰው ቤት ሠርታችሁ የላካችሁት ገንዘብ ለብዙዎቻችሁ አገር ቤት ሲደርስ ሲሚንቶና ፌሮ ይሆናል። ፌሮ ደግሞ ከውጭ ሲያዩት ሁሉም አንድ ይመስላል። የጥራቱ ልዩነት የሚጀምረው ገና ብረቱ ፈሳሽ ሳለ ነው።

ብረት በ1,600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቀልጥ ኦክስጅን ይሟሟበታል። ኦክስጅኑን ለማስወጣት አሉሚኒየም ወይም ሲሊከን ይጨመራል። እነዚህም ከኦክስጅኑ ጋር ተዋህደው አሸዋ መሰል ጥቃቅን ቅንጣቶች ይሆናሉ። ቅንጣቶቹ ከብረቱ ስለሚቀሉ ጊዜ ካገኙ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ቅቤ ሲነጠር አረፋው ወጥቶ እንደሚገፈፈው ማለት ነው። ጥንቁቅ ፋብሪካ የቀለጠውን ብረት ከያዘው ትልቅ ባልዲ ሥር አርጎን የተባለ ጋዝ እየነፋ ቆሻሻው እንዲንሳፈፍ ያግዛል። ላዩን የሸፈነው የብረት አር ቆሻሻውን ይይዘዋል። ብረቱ ወደ ቅርጽ ማውጫው ሲወርድም አየር እንዳያገኘው ይከለላል።

ይህ ጊዜና ወጪ ይጠይቃል። ቁርጥራጭ ብረት አቅልጦ ሳያጣራ የሚያፈስ አምራች ወጪ ይቀንሳል፤ ቆሻሻው ግን ብረቱ ውስጥ ይቀራል። ጥቂትና ደቃቅ ከሆነ ለቤት ፌሮ ብዙም አያሰጋም። ትልልቅና ብዙ ከሆነ ግን ብረቱ ሲታጠፍ ወይም ሲወጠር ስንጥቁ የሚነሳው ከዚያ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ስትልኩ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። በፌሮው ላይ ያለው የአምራቹ ምልክትና የፍተሻ ውጤቱ ወረቀት ፎቶ ተነስቶ ይላክላችሁ። በአግባቡ ሲታጠፍ የተሰነጠቀ ፌሮ ካለ፣ ምክንያቱ ይህም ይሁን ሌላ፣ መሐንዲስ ሳያየው አርማታ ውስጥ አይግባ።

ሆኖም ሸክሙን ሁሉ በእናንተ ላይ መጣል ፍትሕ አይደለም። የብረት ውስጥ የሚታወቀው ናሙናው ተቆርጦ፣ እንደ መስታወት እስኪያበራ ተወልውሎ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ይህን የቤት ሠሪ ቤተሰብ ሊያደርገው አይችልም። የጥራት ተቆጣጣሪዎች ከፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ከሱቅም ናሙና እየወሰዱ ሊፈትሹ፣ ውጤቱንም ማንም በሚገባው ቋንቋ ለሕዝብ ሊያሳውቁ ይገባል። የዓመታት ድካሟን በአንድ ጣሪያ ሥር ያዋለች እኅት፣ ቤቷን የተሸከመው ብረት ምን እንደሆነ የማወቅ መብት አላት።