እሳቱ የሚጨርሰው ቅይጥ

አልሙኒየም በማግኔት አይሳብም፤ ድስቱም የመስኮቱ ፍሬምም ምስክር ናቸው። ሆኖም ኮባልት፣ ብረት፣ ማንጋኒዝና ኒኬል በእኩል ድርሻ በተቀየጡበት ላይ ይኸው አልሙኒየም አምስተኛ ሆኖ ሲገባ ቅይጡ ከቀድሞው ስምንት እጥፍ ማግኔት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት፣ የአራቱ ቅይጥ የማግኔትነት ጣሪያ በኪሎግራም 18 አምፔር ስኩዌር ሜትር ገደማ ነበር፤ አልሙኒየም ሲታከልበት 148 ደረሰ። ጉዳዩ የማንጋኒዝ ነው። አተሞቹ ከጎረቤቶቻቸው በተቃራኒ አቅጣጫ እየቆሙ የሌሎቹን ጉልበት ያጣፉ ነበር። አልሙኒየም የአተሞቹን አደራደር ሲለውጠው ያ ተቃርኖ ይረግባል።

እንዲህ ያሉ ቅይጦች “ሃይ ኢንትሮፒ”፣ ከፍተኛ ቅልቅል እንደማለት፣ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 በታይዋን ዬ ጂየን ዌይ፣ በእንግሊዝ ብራያን ካንተር፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከሩ ለዓለም ያስተዋወቋቸው ናቸው። አምስትና ከዚያ በላይ ብረታ ብረቶች በተቀራራቢ ድርሻ ሲቀላቀሉ፣ ቅልቅሉ ራሱ በአንድ መዋቅር አስተሳስሮ ያቆያቸዋል የሚል ነው ሐሳቡ። ውብ ሐሳብ ነው፤ ማግኔትን በተመለከተ ግን ስሙ እንዳሳሳተን አምናለሁ። ማግኔቱን የሚሠራው የቅልቅሉ ብዛት አይደለም። ማን እንደተጨመረና ቅይጡ በምን ያህል ሙቀት ለስንት ሰዓት እንደቆየ ነው።

ክሮሚየምን እንይ። ብረት፣ ኮባልትና ኒኬል ሦስቱ ብቻቸውን ጠንካራ ማግኔት ናቸው። ክሮሚየም በእኩል ድርሻ ሲጨመር ግን ቅይጡ በክፍል ሙቀት ማግኔትነቱን ያጣል። ዝገትን የሚከላከለው ይህ ባለውለታ እዚህ ሲደርስ ባላጋራ ነው።

ትልቁ ነገር ያለው ከምድጃው ነው። የሞተርና የትራንስፎርመር ኮር የሚሠራበት ማግኔት “ለስላሳ” መሆን አለበት፤ ቶሎ የሚያዝ፣ ቶሎ የሚለቅ። በአገራችን መስመር ከረንቱ በሰከንድ 100 ጊዜ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ኮሩም አብሮት መገልበጥ ግዴታው ነው። በተገለበጠ ቁጥር በውስጡ ያሉት የማግኔት ጎራዎች፣ ማለትም አተሞቻቸው በአንድ አቅጣጫ የቆሙ ክልሎች፣ ድንበራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ድንበሩ በእንቅፋት ሲያዝ ኃይል በሙቀት መልክ ይባክናል። የተቀጠቀጠ ወይም የተዳመጠ ብረት በእንቅፋት የተሞላ ነው፤ የአተሞቹ ረድፍ ተዛንፏል፣ ውስጡም ውጥረት አለ። አኒሊንግ፣ ማለትም አግሎ ማቆየት፣ ዝንፈቱን ያቀናል፣ ውጥረቱን ያረግባል፣ የብረቱን ክሪስታሎችም ያሳድጋል። ስለዚህ ብዙዎች “በቆየ ቁጥር ይለሰልሳል” ብለው ያስባሉ።

እንደዚያ ቀላል ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ሙቀቱ አተሞችን ያንቀሳቅሳል፤ የተንቀሳቀሱት ደግሞ የሚመርጡትን ጎረቤት ፈልገው ይሰባሰባሉ። አልሙኒየም ወደ ኒኬል፣ ክሮሚየም ወደ ብረት ያደላል። ክሮሚየም ያለበት ቅይጥ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው መካከል ሲቆይ ሲግማ የሚባለው ተሰባሪና ማግኔት ያልሆነ ውህድ ሊወለድበት ይችላል። ያው ቅይጥ፣ ያው ድርሻ፣ ሌላ ብረት።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ እ.ኤ.አ. በ2022 በጀርመን ዱሰልዶርፍ የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ያቀረቡት ነው። ብረት፣ ኒኬልና ኮባልት ላይ 7 በመቶ አልሙኒየምና 5 በመቶ ታንታለም ጨመሩ። (ታንታለም ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ የጉጂው ቀንጢቻ ማዕድኑን ያወጣ ቦታ ነው።) ከዚያ በአኒሊንግ ማግኔት ያልሆኑ ደቃቅ ቅንጣቶች በውስጡ እንዲበቅሉ አደረጉ። መጠናቸው 91 ናኖሜትር አካባቢ ሲሆን ብረቱን ያጠነክሩታል፤ የጎራዎቹን ድንበር ለማሰር ግን ያንሳሉ። ውጤቱ 1,336 ሜጋፓስካል የመሳብ ጥንካሬ፣ ሳይበጠስ 54 በመቶ መለጠጥ፣ ማግኔትነቱን ለመሻር ደግሞ በሜትር 78 አምፔር ብቻ። ቅንጣቶቹ ከዚያ አልፈው ሲያድጉ ድንበሩን ማሰር ይጀምራሉ፤ ልስላሴውም ይጠፋል።

ይህ ማለት ነገ ትራንስፎርመራችን ከዚህ ይሠራል ማለት አይደለም። ኮባልትና ታንታለም ውድ ናቸው፤ የማግኔትነት ጣሪያውም በኪሎግራም 100 አምፔር ስኩዌር ሜትር ሲሆን ከንጹሕ ብረት ግማሽ በታች ነው። ቆሞ ለሚሠራ ኮር ሲሊከን ያለበት ብረት ይበቃል። ቦታው በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከረው የሞተር ክፍል ነው፤ እዚያ ደካማ ብረት ይበታተናል። ለዚያ ቦታ ቅይጥ ለሚመርጥ መሐንዲስ የድርሻ ሰንጠረዥ ብቻ ሰጥቶ የእሳቱን ዲግሪና ሰዓት የማይነግረው ዘገባ ግማሹን ሥራ ደብቆበታል።