ጥርባ ዳር የተጣሉት

የዛሬዋ ባለ ጉዳይ የአዊ ልጅ ናት። ከጓደኛዋ ጋር ለሽርሽር ጥርባ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለው፣ ቆሎውም ለስላሳውም ቀርቦ፣ ጨዋታው ሞቅ ሲል ልጁ ሸሚዙን አወለቀ አሉ። «ዋኝቼ ተሻግሬ ከማዶ አበባ ላምጣልሽ!» እሷ ክንዱን ይዛ እምቢ አለች። «እንግዲያው አታምኚኝም ማለት ነው» ብሎ አኮረፈ። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆናቸው። «ጥፋተኛው ማን ነው?» ትለኛለች።

ፍርዱ ይቆየንና ስለ ቦታው ላጫውታችሁ። ጥርባ ላይ ላዩን ሲያዩት መናፈሻ ነው። ልብ ብሎ ላየው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰው የገደበው ኩሬ አይደለም፤ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው። ከታች የቀለጠ ድንጋይ ወደ ላይ ሲወጣ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ይገናኛል፤ ውሃው ባንዴ እንፋሎት ሆኖ መሬቱን ያፈነዳዋል። በኋላ ጉድጓዱን ውሃ ይሞላዋል። የቢሾፍቱው ሆራም የተፈጠረው እንዲሁ ነው። ድስት የመሰለ ቅርጹ ከዚያ የመጣ ነው።

ድስት ደግሞ ደረጃ የለውም። ጣና ያን ሁሉ ስፋት ይዞ፣ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ፣ ጥልቀቱ 14 ሜትር ያህል ነው። እዚያው አዊ ውስጥ፣ እንጅባራ አጠገብ ያለው የጥርባ ወንድም ዘንገና ግን በእግር ተዙሮ የሚያልቅ ሐይቅ ሆኖ ሳለ 166 ሜትር ይጠልቃል! አዲስ አበባ ያለውን የንግድ ባንክ ሕንፃ ታውቁት የለ? ቁመቱ 209 ሜትር ነው። ዘንገና ውስጥ ቢያቆሙት ከውሃው በላይ የሚቀረው 43 ሜትር ብቻ ነው። (ባንኩ ይቅር ይበለኝ።)

እንዲህ ያለ ሐይቅ ውስጥ ጥቂት እንደገቡ እግር መሬት ያጣል። አገሩም ደጋ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ትንፋሽ ይነሳል፣ ጡንቻ ያስራል። መሐል ላይ የደከመው ዋናተኛ ምን ይይዛል? ሸሚዙ እንደሆነ ዳር ቀርቷል።

ስለዚህ እኅቴ፣ ልክ ነሽ። ክንዱን መያዝሽም ደግ አደረግሽ።

አንተም ወንድሜ፣ ካነበብከኝ፣ የከለከለችህ ንቃህ አይደለም። ጀግንነት ካማረህ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ አለልህ፤ ፈረስ ላይ ወጥተህ አሳያት። አበባውንም በዳር ዞረህ በእግርህ አምጣላት። አሁን ግን ሂድና አናግራት፣ ሁለት ሳምንት በዛ።