ሰው ሠራሽ ጨረቃና የስማዳ አዝመራ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዪቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ምድር ተነሥታ ወደ ሰማይ በመጠቀች ጊዜ ብዙ ሰው ደስ ብሎት ነበር፤ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ ታናሽ እኅቷ ተከተለቻት። ስለ ክብሩ ያን ጊዜ ብዙ ስለ ተነገረ እኛ ዛሬ የምንጠይቀው ስለ ጥቅሙ ነው። ለመሆኑ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ሆና ምድርን ፎቶግራፍ የምታነሣ መሣሪያ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ገበሬ ምን ትረባዋለች?

የአገሩን አቀማመጥ የሚያውቅ ሰው የጥያቄውን ክብደት ይረዳዋል። በጉና ዙሪያ ገብሱና ድንቹ አምሮ ሳለ፣ ወደ በሽሎ ሸለቆ በወረዱ ጊዜ የቆላው ማሽላ ዝናብ አጥሮት ጠውልጎ ሊገኝ ይችላል። የወረዳው ሹም የሰብሉን ሁኔታ የሚገምተው ከየቀበሌው በሚደርሰው ወሬና ራሱ ወርዶ ባየው ነው። ግምቱ የዘገየ እንደ ሆነ የዕርዳታው እህልም ይዘገያል፤ እህሉ ሲዘገይ ገበሬው በሬውን ይሸጣል፤ በሬውን የሸጠ ሰው በሚመጣው ክረምት በምን ያርሳል?

በመጀመሪያዪቱ ሳተላይት ሥዕል ውስጥ አንዲት ነጥብ በምድር ላይ ወደ 14 ሜትር ገደማ ትሸፍን ነበር። ስለዚህ ሩብ ሔክታር የሆነ ማሳ በሥዕሉ ላይ 13 ነጥብ ያህል ብቻ ነው። አንዱን ገበሬ ከጎረቤቱ ለመለየት ይህ ያንሳል፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ልምላሜው የት ላይ እንዳበቃ ለማየት ግን ይበቃል። ይልቅስ የሚያስቸግረው ደመናው ነው። ካሜራ ደመናን ዘልቆ አያይም፤ በሐምሌና በነሐሴ ጉና ጭጋግ ለብሶ ይሰነብታል። የሚቀረን የመስከረም ብራ ነው። ያን ጊዜ የተነሣው ሥዕል በሳምንቱ ወገዳና አርብ ገበያ ካልደረሰ፣ በኅዳር ቢደርስ ገበሬው ራሱ አጭዶ የጨረሰውን ወሬ ነው የሚነግረን።

የአማተር ራዲዮ ሰዎች የሚያስተምሩን እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ደመወዝ ሳይቈረጥላቸው፣ ለዕውቀት ፍቅር ሲሉ በራዲዮ የሚነጋገሩ ናቸው። ኦስካር 1 የተባለችው የመጀመሪያዪቱ ሳተላይታቸው በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. መጥቃ በሞርስ ፊደል ሰላምታ ብቻ ትልክ ነበር። በጥር 1982 ዓ.ም. የመጠቀችው ዌበርሳት ግን በሻንጣ ልትገባ የምትችል ሆና ሳለ የቀለም ካሜራ ነበራት፤ በሥራዋም የአሜሪካው ዌበር ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተካፍለዋል። ያነሣችውንም ሥዕል ቈራርጣ በራዲዮ ትልክ ስለ ነበር፣ አንቴና፣ መቀበያና ኮምፕዩተር ያለው ሁሉ ይቀበላት ነበር። የሥዕሉ ጥራት፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚያስቀና አልነበረም፤ ነገር ግን በማንም መዝገብ ቤት አልተኛም።

የመጀመሪያዪቱ ሳተላይታችን የታሰበላት ዕድሜ 2 ዓመት ስለ ነበር ጊዜው አልፏል። ለምትቀጥለው በጀት ሲያዝ፣ ከእንጦጦው መቀበያ ሌላ አንድ አነስተኛ መቀበያ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ እንዲተከል እንመክራለን። እንዲህ ያለች ሳተላይት ከአድማስ እስከ አድማስ የምታልፈው በ10 ደቂቃ ገደማ ነው፤ አንቴናውን እየመሩ መከተልም ለተማሪ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ሥዕሉን ለማንበብ የቀበሌውን ወሰንና የሰብሉን ዓይነት የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ እርሱም በነፋስ መውጫና በመካነ ኢየሱስ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ተቀምጧል።